ሙሾ ነው ያልኩት ዜማ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ፊታቸው ተንበርክኬ ውሸቴን፣ ስካሬን፣ ጾም መሻሬን እዘረዝርና እዚህ ጋ ስደርስ አቆማለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። አለ። እሳቸውን የዋሸሁትን ለእናንተ ልናገር ነው።

ጊታር ተጫዋች ነኝ። ሮክ የሚሉትን፣ ጊታሩ የሚጮህበትን ሙዚቃ ነው የምጫወተው። ሰው የሚያውቀኝ በአንድ ዘፈን ነው፤ የመግቢያውን ዜማ ገና ስጀምረው አዳራሹ በሙሉ ብድግ ይላል። ስጨርስ ጋዜጠኛ ይመጣና ያችኑ ጥያቄ ይጠይቀኛል፦ «ፈጠራ ከየት ነው የሚመጣልህ?» ምርር ይለኛል። ግን ያንኑ መልስ እመልሳለሁ፦ ከመንዝ ጉም፣ ከገደሉ፣ ከእረኛው ዋሽንት። የቱ እረኛ? እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ከመናኸሪያው ጀርባ ያደግሁ፣ በግ እንኳ አስሬ የማላውቅ ሰው ነኝ! ጠያቂው ግን ራሱን እየነቀነቀ ይሰማኛል።

ዜማው የአስካለ ነው።

አስካለ የቤዝ ጊታር ተጫዋቻችን ነበረች። አባቷ ከበግ ጠጉር ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው። እሷ፣ ደምሴ የሚባል ድራም ተጫዋች እና እኔ ትምህርት ቤት እንደጨረስን ባንድ አቋቋምን። የምንለማመደው ከወፍጮ ቤት ጎን ባለች መጋዘን ነበር። ወፍጮው ሲነሣ እኛ አንደማመጥም፤ እኛ ስንነሣ ባለወፍጮው ያብዳል፤ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እኩል ዝም። ስም እናውጣለት እያልን ስንጨቃጨቅ ባንዱ ያለ ስም ፈረሰ። ሰው ባንድ ሲባል ሙዚቃ የሚሠራበት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ «አንተ ድምፅህን ቀንስ» እየተባባሉ የሚኮራረፉበት ነው። የማይቀንሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ያን ጊዜ ሙዚቃ መፍጠር ማለት ጣት ማፍጠን ይመስለኝ ነበር። በፍጥነት የሞላሁት ሁሉ ባዶ እንደነበር ማን ይንገረኝ?

የአስካለ ታላቅ ወንድም ግዛቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ጣርማ በር አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። አስካለ ዐርባው እስኪወጣ ከቤት አልወጣችም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጥቁሯን እንደለበሰች መጋዘኑ ገባች፤ ሰላም ብላን ቤዟን ሰካችና መጫወት ጀመረች።

አጭር ዜማ ናት። ቀስ ብላ ትወጣለች፤ አናት ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ አሁን ወረደች ስትል አትወርድም። በቃ ይኸው ነው። ደምሴ እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አቀረቀረ።

«ለግዛቸው ነው?» አላት።

«አዎ» አለች።

እኔስ? እኔ ምን እንደሰማሁ ገብቶኛል። ሳላውቅ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባልተናዘዝኩ። ዓመት ሙሉ ጣቴን ሳፈጥን ስፈልገው የነበረውን ነገር፣ አስካለ ከሐዘን ቤት ይዛው ወጣች። ቀናሁ። ወንድሟ በሞተባት ሰው ላይ ቀናሁ። እና ምን አልኩ?

«ይሄ እኮ ሙሾ ነው። አልቃሾች ነን እንዴ?»

አስካለ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እሺ» ብላ ገመዱን ነቀለችና ቤዟን አቅፋ ወጣች። ደምሴ «አንተ ሰው አይደለህም» አለኝ። እኔ ግን የዚያኑ ቀን ጊታሬን ይዤ ብቻዬን ቀረሁ፤ ዜማዋን እስክይዛት ድረስ ደጋግሜ ተጫወትኳት። ሙሾ ነው ያልኩትን! አስካለ ወደ መጋዘኑ አልተመለሰችም። ባንዱም በዚያው አለቀ።

አዲስ አበባ ገባሁ። ስቱዲዮ ውስጥ አቀናባሪው ያቀረብኩለትን ሁሉ ሰምቶ ሰለቸው። «ወንድሜ፣ ጣትህ ጎበዝ ነው። ሰው ልብ ውስጥ የሚቀር ነገር የለህም ወይ?» አለኝ። ተጫወትኩለት። ለራሴ «ጣቴ ዝም ብሎ ሄደ» የምልበት ጊዜ አለ። ጣት ዝም ብሎ አይሄድም። እኔ ነኝ የላክሁት። አቀናባሪው ከወንበሩ ተነሣ። «የማን ዜማ ነው?» አለኝ። «የእኔ» አልኩ። ይህችን ቃል ለማውጣት ምንም አልከበደኝም፤ እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ መቅለሏ ነው።

ጩኸት ጨመርኩበት፣ ስለ መንገድ የሚያወራ ግጥም ጻፍኩለት፣ ዘፈኑ ወጣ፣ ታወቅሁ። አስካለ ትከሰኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ወፍ የለም።

በኋላ የአስካለ አባት ማረፋቸውን ሰማሁና ለልቅሶ መሐል ሜዳ ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ደግ ለመምሰል ይሆናል። ድንኳን ውስጥ እናቷ እትዬ ዘነበች አጠገባቸው አስቀመጡኝ፤ እጄን ያዙ። አስካለ የንፍሮ ሰሐን ይዛ ከፊታችን ቆማለች።

«ሰሎሞን ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ዘፈንህ በሬዲዮ በመጣ ቁጥር ግዛቸው በር ላይ የቆመ ይመስለኛል። የሆዴን እንዴት አወቅህልኝ?»

አስካለ አየችኝ። ጠበቀችኝ። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር። «የልጅዎ ዜማ ነው፣ አስካለ ናት የሠራችው» ማለት ምን ይከብዳል? ከፊቴ የቆመችውን ልጅ በጣት ማሳየት ምን ይከብዳል?

«ከልቤ ነው የወጣው እትዬ» አልኩ።

ጉልበቴን መታ መታ አድርገው መረቁኝ። በረከታቸውንም ሰረቅሁ። ዜማውን ስሰርቅ አስካለን ነበር የበደልኩት፤ ያን ቀን ግን እናት ለልጇ የምታለቅሰውን ልቅሶ ለራሴ ዝና አደረግሁት።

አስካለ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ስምሽን ላስገባ፤ የሁለታችን ነው ልበል» አልኳት።

«ግዛቸውን ለሁለት አንካፈለውም» አለች። «ደግሞ ለእኔ ምን ያንሾካሽክሃል? እኔ አውቀዋለሁ። እናቴ እዚያ ተቀምጣለች፤ ተመለስና ንገራት።»

«መኪና ያመልጠኛል» አልኳት።

የደብረ ብርሃኑ ሚኒባስ ሰው አልሞላለትም ነበር። መናኸሪያው ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጣራ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ልቅሶ ቤቱ በእግር ቅርብ ነው። ወርጄ መመለስ እችል ነበር። አልወረድኩም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ሞከርኩ። ሬዲዮ ላይ ያች የፈጠራ ጥያቄ ስትመጣ፣ «እውነቱን ለመናገር ዜማውን ከአንዲት ጓደኛዬ ነው ያገኘሁት» አልኩ። ጋዜጠኛው ሳቀ። «አድማጮቻችን፣ ትሕትናውን አያችሁልኝ!» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አሁን ማን ላይ ልናደድ? ሌብነቴን በትሕትና ቆጠሩልኝ፤ እኔም ፈገግ ብዬ ተቀበልኩ።

እትዬ ዘነበች ባለፈው የዐቢይ ጾም አረፉ። እስከ መጨረሻው እኔን እያመሰገኑ ነበር ይላሉ። የዜማው ባለቤት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ እያስታመመቻቸው።

ለአስካለ ደወልኩ። ይህን ሁሉ ስሟን ጠርቼ እንደምጽፈው፣ ዘፈኑንም ከእንግዲህ መድረክ ላይ እንደማልጫወተው ነገርኳት።

«ጻፈው» አለች። «መጫወት አለመጫወቱን አንተ ታውቃለህ። ለእኔ ብለህ ተውኩት እንዳትል ብቻ። ይቅርታም እንዳትጠይቀኝ፤ አሁን ደግሞ አንተን ላጽናና ነው?»

ምን እንደገፋፋኝ እንጃ፣ «ሌላ ዜማ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብሠራስ፣ ለአንተ ነው የማሰማው?» አለችና ዘጋችው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። መጠየቅ የነበረብኝ እትዬ ዘነበችን ነበር፤ እጄን ይዘው ሳሉ፣ ልጃቸው ከፊቴ ቆማ ሳለች። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ያን ቀን ልጅ አልነበርኩም። ዜማው የአስካለ ነው፤ ሰረቅሁት። እናቷ በሕይወት ሳሉ መናገር እየቻልኩ አልተናገርኩም።