ሻንጣውን ማን ይጠብቃል?

የማዳምን ሻንጣ ልገፋ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ስደርስ፣ አዲስ የመጡ የአገሬ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ካፊሎቻቸውን፣ የሚረከቧቸውን አሠሪዎች፣ ሲጠብቁ አየሁ።

ከዓመታት በፊት እኔም እዚሁ ተቀምጬ ነበር፤ ፓስፖርቴ ሃያ አምስት ቢልም ገና አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አብረውኝ ከመጡት አንዷ ስታለቅስ ሁላችንም ተከተልናት። ለሁለተኛ ጊዜ የመጡት እትዬ ዘነበች ግን ጫማቸውን አውልቀው ቁጭ አሉና የአልቃሿን ፀጉር ቀስ ብለው ይጎነጉኑ ጀመር። እጃቸውን እያየን አንድ በአንድ ዝም አልን።

«እርስዎ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ ልጄ። ሁላችን ካለቀስን ግን ሻንጣውን ማን ይጠብቃል?»

ዛሬ ከልጆቹ አንዷ «እትዬ፣ እዚህ አገር ጥሩ ነው?» አለችኝ። ስልኬ ይጮኻል፤ ማዳም ናት።

ልጅቷ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጫማዬን አወለቅሁ።