ዳሩ ወይን ጠጅ የሆነው ቅጠል

ጎረቤቴ የካና አበባዬን ቅጠል ከነእንቡጡ ቆርጣ ጫት ጠቀለለችበት። ስጠይቃት ደግሞ ፍየል በላው አለችኝ። ሌላው ሁሉ ቢረሳ ይህ እንዲረሳ ስለማልፈልግ ጻፍኩት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ፊደሌ ቢንጋደድም ነገሬ ቀጥ ያለ ነው።

ካና ቆላ የሚወድ አበባ ነው። ቅጠሉ የሙዝ ይመስላል፤ የኔው ግን ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ ነው። ሥሩን ቆላ፣ ቦርደዴ ካለችው እህቴ ደጅ ቆፍሬ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አመጣሁት። እኔ የምኖርበት የጭሮ ከተማ ስለሚበርድ በተቆረጠ ጀሪካን ተክዬ ከማድ ቤቱ ግድግዳ አስጠጋሁት። ኅዳር ሲገባ ማታ ማታ አቅፌ ወደ ቤት አስገባዋለሁ፣ ጠዋት መልሼ አወጣዋለሁ። ልጆቼ «እናታችን በስተርጅና ወለደች» እያሉ ይስቁብኛል። ለጎረቤቴም ከሥሩ ከፍዬ ሰጥቻት ነበር። ውሃ መውጫ በሌለው ባልዲ ተክላ፣ ጠዋት ማታ እያጠጣች አበሰበሰችው።

የኔው በሁለተኛው ዓመት እንቡጥ ያዘ። ሊፈነዳ ሲል ገለምሶ ያለችው ልጄ ወለደችና ላርሳት ሄድኩ። ቁልፌን ለማን ልስጥ? ለጎረቤቴ ሰጠሁ።

«በሁለት ቀን አንዴ ብቻ አጠጪው። ሲያብብ ደውይልኝ» አልኳት።

«ኦቦሌቲ ኮ፣ እንደ ዓይኔ ነው የማየው!» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

አልደወለችም። ስመለስ ጀሪካኑ ላይ የጠበቀኝ ጉቶ ነው።

«ፍየል ገብቶ በላው» አለች፣ ፊቷን አዙራ።

«ፍየሉ ቢላ ይዞ ነው የገባው?»

«እንግዲህ እሱን ጠይቂው!»

ጎረቤቴ መንገድ ዳር ጫት ትሸጣለች። ቆላ ለሚወርድ ሰው የጫቱን እስር ሙቀት እንዳያጠወልገው በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ትሰጣለች። በማግስቱ በዚያ ሳልፍ አንድ ጎረምሳ ከእሷ የገዛውን እስር ይዞ ሚኒባስ ሊሳፈር ሲል አየሁት። የጥቅልሉ ዳር ወይን ጠጅ ነው።

«ወዴት ነህ ልጄ?»

«ቦርደዴ።»

ሥሩን ካመጣሁበት አገር! እጁን ያዝኩት።

«ማዘር፣ ጫቴን ሊቀሙኝ ነው እንዴ?»

«ጫትህን ምን ልሠራበት! ቅጠሌን ስጠኝ።»

የያዝኩትን ፌስታል ሰጥቼው ቅጠሌን ተቀበልኩ። ወስጄም ሻጮቹ ሁሉ እያዩ ጎረቤቴ ፊት ዘረጋሁት።

«ይኸው ፍየልሽ!»

ሻጮቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

«የሙዝ ቅጠል ጠፍቶ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«እሺ፣ ቅጠሉስ ይሁን። ሁለት ዓመት የጠበቅኩት እንቡጥ ምን አደረገሽ? ሥሩን ሳትጠይቂኝ የሰጠሁሽ ሰው ነኝ። ቅጠሉን ለመጠየቅ ምን አቃተሽ?»

እጇ ላይ ያለውን እስር አስቀመጠች። አሁን ቀና ብላ አየችኝ።

«ብጠይቅሽ እምቢ ትይኛለሽ። እምቢ ካልሽኝ ደግሞ እንጣላለን። ኦቦሌቲ ኮ፣ ሳልጠይቅሽ የቆረጥኩት እኮ እንዳንጣላ ብዬ ነው» አለችኝ።