ጎረቤት የሌለው ሥጋ

ይህ ታሪክ ለመጻፍ የሚበቃ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። በተማሪዎች መኝታ ክፍላችን ማታ ማታ የልጅነት ወሬ ሲነሣ ሌሎቹ የሚያወሩት ትልልቅ ነገር ነው። እኔ ያለኝ አያቴ ለገና ወደ ሆሳዕና የመጡበት ሰሞን ብቻ ነው። ሰው አልሞተበትም፤ ቤትም አልተቃጠለበትም። ቢሆንም ስለ ቤተሰቤ በተጠየቅሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ስለሆነ፣ እንደማስታውሰው ልጻፈው።

አያቴ የእናቴ አባት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ውስጥ ገብስ እያረሱ፣ እንሰት እየተከሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። በዚያ ዓመት የመንደር ምሥረታ መጣና ገበሬው ሁሉ ቤቱን አፍርሶ፣ በተለካለት አዲስ ቦታ በመስመር እንዲሠራ ታዘዘ። እናቴ ይህን ስትሰማ እንቅልፍ አጣች።

“በዚህ ዕድሜያቸው ምሰሶ ሊሸከሙ ነው? እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀመጡ” አለች።

አያቴ እሺም እምቢም አላሉም። “ለገና መጥቼ ልየው” ብለው ብቻ ላኩባት።

ስለዚህ ያ ገና ለእኛ በዓል ብቻ አልነበረም፤ አያቴን የማስቀረት ሥራም ነበር። ታላቅ ወንድሜና እኔ ከተማውን ልናስወድዳቸው ተማማልን። ለእኛ ከሆሳዕና የሚበልጥ ከተማ በዓለም ላይ አልነበረም።

በጋሪ መጡ። አንድ ጥቅል ቆጮና በቅጠል የታሰረ ቅቤ ይዘዋል። ገና ከመግባታቸው ወንድሜ እጃቸውን ይዞ ለገና ወዳቆምነው ጥድ ወሰዳቸው። ቅርንጫፉን በቆርቆሮ ውስጥ በድንጋይ አቁመን፣ ከእናቴ ትራስ የሰረቅነውን ጥጥ በትነንበት ነበር። አያቴ ዞረው ዞረው አዩት።

“ምን መታው? ቁስሉ ብዙ ነው” አሉ።

“ቁስል አይደለም አባባ፤ በረዶ ነው” አለ ወንድሜ በኩራት።

“በረዶ! እኛ ገብሳችንን እንዳይመታብን የምንጸልይበትን በረዶ ቤት ውስጥ አስገብታችሁ ታስጌጡታላችሁ?”

እናቴ ከጓዳ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። የመንደር ምሥረታው ወሬ ከመጣ ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ወሰድናቸው። ግድግዳው ላይ ባሕርና መርከብ ተሥሏል። ፎቶ አንሺው አገጫቸውን ቀና አድርጎ “ፈገግ ይበሉ አባባ” አላቸው።

“ዋና አልችልም። ከኋላዬ ባሕር አቁመህ ሳቅ ትለኛለህ?”

ከዚያ ለስላሳ ጠጡ፤ ጋዙ አፍንጫቸው ገብቶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዋናውን መንገድ በጋሪ ወጣን ወረድን። የሱቆቹን መስኮት ሁሉ አሳየናቸው። ለሁሉም “ጥሩ ነው” አሉ። ወንድሜ በጆሮዬ “ይቀራሉ” አለኝ። እኔም አመንኩት።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አባቴ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሥጋ ይዞ ገባ። አባቴ መምህር ነው፤ ወደዚያ ሠፈር ከገባን ዓመት አልሞላንም ነበር። አማቱን ለማክበር ሥጋ ሻጩን ለምኖ ምርጡን አስቆርጦ ነበር። አያቴ ጥቅሉን አዩት።

“በሬው ምን ይመስል ነበር?”

“አላየሁትም አባባ። ከሥጋ ቤት ነው።”

“ከማን ጋር ተካፈልክ?”

“ከማንም። እንዲሁ ገዛሁት።”

በእኛ ዘንድ ለመስቀል በሬ የሚያርዱ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ አብረው የሚቆጥቡ ናቸው። አንዱ ሲታመም የሚሸከሙት፣ ሲሞትም የሚቀብሩት እነዚያው ናቸው። አባቴ ይህን ያውቃል፤ ግን ከተማ ውስጥ ይቀራል ብሎ ያሰበ ይመስለኛል። ወንጌላውያን ስለሆንን የገና ጾም አይመለከተንም ነበር፤ በእራት ሰዓት አያቴ ሁለት ጉርሻ ጎረሱና እጃቸውን ሰበሰቡ።

“አይጣፍጥም እንዴ?” አለች እናቴ።

“ይጣፍጣል። ግን ጎረቤት የሌለው ሥጋ ነው። ልጄ፣ አንቺ ብትታመሚ እዚህ ማን ይሸከምሻል?”

እናቴ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ጎረቤታችን ባለሱቅ ነበር፤ ዘሩ ከጉራጌ ነው፤ ግቢው ውስጥ በየዓመቱ የገና ቅርጫ ይታረዳል። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

“መደቡ ሞልቷል፤ ሰው አንጨምርም አለኝ” አለች። “ግን አምና ‘የአንተ በለጠ፣ የእኔ አነሰ’ ተባብለው ሊጣሉ ነበር አሉ። መደቡን የሚያስተካክልላቸው፣ የማንም ወገን ያልሆነ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። አባትሽ ይምጡልን ነው የሚለው።”

ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር በገና ጠዋት ቤት ውስጥ፣ መስኮት ዘግተን፣ በቀስታ ዘመርን። ከጸሎቱ በኋላ አያቴ ጋቢያቸውን አጣፉና እኔን አስከትለው ሄዱ። አማርኛቸው ጥቂት ስለሆነ አስተርጓሚ እኔ ነኝ። ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተዘርግቷል። ሰዎቹ ዙሪያውን ቆመው በዓይናቸው ይመዝናሉ።

“አባባ፣ ጉበቱን ወደዚህ ዘንበል ያድርጉት” አለ ባለሱቁ በተሰባበረ ሀዲይኛ።

“ይህ ሰውዬ ሱቁም ውስጥ ሚዛኑን እንዲህ ነው የሚያዘነብለው?” አሉ አያቴ። ስተረጉመው ሁሉም በሳቅ ፈነዱ።

“አገኙት! አባባ አገኙት!” አለ አንድ ሹፌር። “ለእኛ እስከ ዛሬ አልታየንም።”

አያቴ ጎድን ከአንዱ አንሥተው ወደ ሌላው ወሰዱ፤ ከጨጓራው ቆረጥ አድርገው ጨመሩ። ቀስ ብለው ሠሩ፤ ማንም አልቸኮለም። ዕጣ ወጥቶ እያንዳንዱ መደቡን ሲያገኝ፣ ከየድርሻው ትንሽ ትንሽ ቆርጦ በአንድ ቅጠል ላይ አኖረላቸው። ያን ቅጠል በሁለት እጃቸው ይዘው ቤት ገቡ። የዚያን ዕለት ከቅጠሉም፣ አባቴ ከገዛውም፣ እናቴ በቡላና በቅቤ ከሠራችው አተካናም እስኪጠግቡ በሉ። ቡላና ቅቤው ጢማቸው ላይ ቀርቶ እኔ ጠረግሁላቸው።

እናቴ ጊዜው አሁን ነው ብላ አሰበች።

“ታዲያ አባባ፣ ይቀራሉ አይደል?”

“ጎረቤትሽን አይቼዋለሁ፤ ደግ ነው። ለከርሞ ባልሽ ከእነሱ ጋር ቅርጫ ይግባ” አሉ። ቀጥለውም “የእኔን ምሰሶ አብረውኝ ያቆሙ ሰዎች የራሳቸውን ሲነቅሉ፣ እኔ እዚህ ፎቶ እየተነሣሁ ልቀመጥ?” አሉ።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። አልገሠጿትም፤ አጠገባቸው አስቀመጧትና ራሷን ዳበሱ። “እምቢ አላልኩሽም” አሉ። “እነሱ አዲሱ ቤታቸው ይግቡ፤ ከዚያ እኔ እዚህ።”

እኔ ግን ማባበያ መስሎኝ ነበር። ጋሪው ሲወስዳቸው ወንድሜ ተደብቆ አለቀሰ፤ እኔ በግልጽ።

በጋውን ሙሉ ከሌሞ ለገበያ የሚመጣ ሰው ወሬያቸውን ያደርስልን ነበር። ዛሬ የእገሌን ጣራ አወረዱ፤ ዛሬ የእገሌን ግድግዳ አቆሙ። ምሰሶ አላሸከሟቸውም አሉ፤ እሳቸው ቆመው መስመሩን ያስተካክላሉ፣ ወጣቶቹ ይሸከማሉ። የሁሉም ቤት ሲያልቅ የራሳቸውን አፈረሱ። እንጨቱን እንጨት ላጣች አንዲት መበለት ሰጡ። ይህን የመጨረሻውን የሰማነው ከእሳቸው አፍ ነው፤ አንድ ከሰዓት በኋላ አያቴን ከነጓዛቸው የጫነ ጋሪ በራችን ላይ ቆሞ፣ እናቴ ባዶ እግሯን ሮጣ ከወጣች በኋላ። መጋቢት 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር።