እትዬ መዶሻና የሦስተኛው ምሰሶ ብሎኖች

አክስቴን የሰፈሩ ሰው እትዬ መዶሻ ነው የሚላት። ስሟ ጠፍቶን አይደለም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዶሻ ይዛ ያንን የወንዙን ትልቅ ድልድይ ስትቀጠቅጥ ስላየናት ነው። ሥራዋ ይኼ ነው፦ ብሎኑን መታ አድርጋ ጆሮዋን ትሰጣለች። «ጥንንን» ካለ ጠብቋል፣ ታልፈዋለች። «ዱብ» ካለ ላልቷል፣ በጠመኔ ኤክስ ታደርግበታለች፣ ወንዶቹ መፍቻ ይዘው መጥተው ይቀይሩታል። ከዚህ ዳር ጀምራ እዛኛው ዳር እስክትደርስ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል። ከዚያ እንደገና ከዚህ ዳር።

እኔ ድልድዩ ሥር ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ቁጭ ብለው «ባሏ ለምን ጥሏት ሄደ?» ይሉኛል። እሷኑ ጠይቄያታለሁ። «ስመታው ዱብ ነበር የሚለው» አለችኝ።

ድልድዩን እንደ ዘመድ ነው የምታማው። «መጀመሪያ ጀልባ ነበር፣ ሰው ጨረሰ። ቀጥሎ የእንጨት ድልድይ ሠሩ፣ በሦስተኛው ክረምት ወንዙ ጠራርጎት ሄደ። ከዚያ ይኼ ብረት ተቆራርጦ በመርከብ መጣ፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጽፎበት። አባቴና ጓደኞቹ ገጣጠሙት። ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ስድስትና ዘጠኝን አምታቱ። ቀዳዳው አልገጥም ሲል በግድ አስገቡት። ይኸው ስልሳ ዓመት እዚያ ጋ ይላላል። አባቴ ያበላሸውን ነው ዕድሜዬን ሙሉ የምጠብቀው።»

እንግዲህ ድልድዩ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ሆነና ድግስ ተባለ። ድልድዩ በተመረቀበት ቀን እንደተደረገው አሥራ ሁለት አሸዋ የጫነ መኪና ተከታትሎ ያልፍበታል። የድልድዩ ኃላፊ ያሰበው ነው። ኃላፊውን እኛ «ይደርሳል» ነው የምንለው። ምንም ብትጠይቁት በአፍንጫው «ይደርሳል፣ ይደርሳል» ይላል፣ ሕፃን የእናቱን ጡት እንደሚነካካ ክራቫቱን እየነካካ። ልጅ ነው ገና፣ ሱፉ ይሰፋዋል።

ከድግሱ ሁለት ሳምንት በፊት አክስቴ ሦስተኛው ምሰሶ ላይ አርባ ሦስት ዱብ አገኘች። ሄዳ ነገረችው።

«ይደርሳል» አለ።

ድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት ግን እሱ ራሱ መጣ። «እትዬ፣ ያንን ጠመኔ ያጥፉልኝ። ፎቶ ላይ ያስቀይማል።»

«ብሎኑን ቀይርና ጠመኔው በራሱ ይጠፋል።»

«ከድግሱ በኋላ ይደርሳል።»

«መኪናውም ከድግሱ በኋላ ይለፍ።»

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቀለም ቀቢዎች አምጥቶ ጠመኔውን በብርማ ቀለም ሸፈነው። አርብ ከሰዓት አክስቴ እንደገና ልታሰምር ብትሞክር ቀለሙ አልደረቀም፣ ጠመኔው አልይዝ አለ። ጣቷ እስከ አንጓዋ ብር ሆኖ ሱቄ ገባች።

«ያንን ቀዩን ሊፕስቲክሽን አምጪ።»

«ለማን ልትዋቢ ነው አክስቴ?»

«ለአባቴ።»

ሦስት ሰጠኋት። አንዱ የደንበኛ ነበር፤ ሴትየዋ እስካሁን ትፈልገዋለች፣ እናንተም እንዳትነግሯት።

ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ሁሉ ድልድዩ አፍ ላይ ተኮልኩሏል። ብርማው ብረት ላይ አርባ ሦስት ቀይ ኤክስ፣ ከሩቅ ይታያል። አክስቴ ደግሞ ከሱቄ ወንበር ወስዳ መንገዱ መሀል፣ ሦስተኛው ምሰሶ ፊት ለፊት፣ መዶሻዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች።

ይደርሳል እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ ይነሱ እንጂ፣ እንግዶች እየመጡ ነው።»

«ይምጡ።»

«መኪናው ተሰልፏል።»

«ይሰለፍ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሥራሽ ትባረሪያለሽ፣ ጡረታሽንም ታጪያለሽ።»

«ይደርሳል» አለችው።

እኔ በሳቅ ልሞት ነበር። እሱ ጆሮው ቀላ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ መዶሻውን ዘረጋችለት። «እንካ፣ አንተ ምታው። ጥንን ካለ እነሳለሁ።»

አልተቀበላትም። ይኼኔ የፊተኛው መኪና ሹፌር፣ ሆዱ ከመሪው ጋር የሚጣላ ሰውዬ፣ እያቃሰተ ወረደ።

«እኔ ልምታው። የምነዳበት እኔ አይደለሁ?»

መጀመሪያ ኤክስ የሌለበትን መታ። ጥንንን። ቀጥሎ ቀዩን መታ። ዱብ። ከዳር ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ሹፌሩ ብሎኑን በሁለት ጣቱ ይዞ ዞር ቢያደርገው እንደ ጠርሙስ ክዳን ዞረለት። ጣቱ ላይ የቀረውን ቀይ ሱሪው ላይ ጠረገና፣ ይደርሳልን አየት አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ ይንዱት» ብሎ ቁልፉን አቀበለው። ይደርሳል እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አሥራ ሁለቱም መኪና ወደ ኋላ ወጣ። ለማየት ደስ ሲል።

በሳምንቱ አርባ ሦስቱም ብሎን ተቀየረ። ለአክስቴ ደግሞ ደብዳቤ መጣላት፦ ይቅርታ ጠይቂ፣ ካልጠየቅሽ ከድልድዩ ተነስተሽ መጋዘን ትገቢያለሽ። እሷ እየነገረችኝ እኔ ነኝ መልሱን የጻፍኩት። «ይቅርታ የሚጠይቀው ቀለም የቀባው ነው» አለች፣ ጻፍኩ። ሌላ ነገር ልጨምርበት ብል እጄን መታችኝ።

አሁን መጋዘን ነው ያስቀመጧት፣ አካፋ ትቆጥራለች። እሁድ እሁድ ግን ከገበያ የገዛችውን መዶሻ ይዛ ድልድዩ ላይ ትወጣለች። ዘበኛው ሁልጊዜ ይከተላታል።

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ተከልክለዋል።»

«ከልክለኛ» ትለዋለች፣ ቀጣዩን ብሎን እየመታች።