የእትዬ አስካለ የመዳብ ቆብ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ውስጥ የበር ማጠፊያ ላሠራ ወደ አንድ ብረታ ብረት ቤት ገባሁ። ባለሙያው "አካም ጅርቱ፣ እትዬ? ትንሽ አረፍ ይበሉ" ብሎ በርጩማ ሰጠኝና የዛገውን ማጠፊያዬን በላምባ ማሸት ጀመረ። የላምባና የዝገት ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። እኔ ይህን ሽታ የማውቀው ከእትዬ አስካለ ነፍጥ ነው።

እትዬ አስካለ እኔ ልጅ ሆኜ ጎባ ሳለን አጥር የሚጋሩን ጎረቤታችን ነበሩ። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ የማይነቀንቃቸው፣ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ መበለት። ነፍጡን የባላቸው አያት ናቸው ከሰሜን ተሸክመው ያመጡት። ከኔ ቁመት ይበልጥ ነበር። ድሮ የሚተኩሰው በባልጩት ነው አሉ፤ ባልጩቱ ብረት መትቶ እሳት ሲረጭ ባሩዱ ይያያዛል። በኋላ አንድ ባለእጅ የባልጩቱን መንጋጋ ነቅሎ መዶሻ ገጠመለት። ከመዶሻው ሥር ባለች አጭር ቱቦ ላይ ከጣት ጥፍር የምታንስ የመዳብ ቆብ ትደፋለች፤ መዶሻው ሲመታት ትፈነዳለች። የድሮው ዕቃ የተነቀለበት ሁለት ቀዳዳ በናስ ተደፍኖ ጎኑ ላይ ይታይ ነበር። እትዬ አስካለ በጣታቸው እየነኩ "ይኸው፣ የወተት ጥርሱ የወለቀበት" ይሉን ነበር።

እኛም ቤት ጠመንጃ ነበር፤ ያውም ምንሽር! መሣሪያ ለቀበሌ አስረክቡ የተባለ ጊዜ አባቴና እትዬ አስካለ አንድ ቀን ጠዋት አብረው ተሸክመው ሄዱ። አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። እሳቸው ግን ነፍጣቸውን እንደተሸከሙ መጡ። መዝጋቢው አገላብጦ አይቶ "እማማ፣ ይሄ መሣሪያ አይደለም፤ የበር መወርወሪያ ያድርጉት" ብሎ መለሰላቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ባፈረ፤ እሳቸው እየሳቁ ወስደው ቦታው ላይ ሰቀሉት። ከዚያን ቀን ወዲህ በሰፈሩ ብረት የተሰቀለበት ግድግዳ የሳቸው ብቻ ሆነ።

አባቴ "የአይጥ ማስፈራሪያዋን ይዛ ትኮፈስ!" እያለ እሁድ እሁድ እሳቸው ቤት መሄዱን ተወ። በኛ ግድግዳ ላይ ምንሽሩ ይንጠለጠልባቸው የነበሩ ሁለት ችንካሮች ቀርተዋል። እነሱን እያየሁ ምሳዬን እበላለሁ፤ ምሳው አይወርድልኝም። ቅናተኛ ነኝ፣ አልክድም። ከአባቴ የወረስኩት ነው ብል ደግሞ ሙት ማማት ይሆንብኛል።

ከመዳብ ቆቦቹ የቀረቻቸው አንዲት ብቻ ነበረች። በክብሪት ቀፎ ውስጥ ጥጥ አንጥፈው አስተኝተዋታል። "ባሩድ ባይኖርም ብቻዋን ጧ ትላለች" ይሉ ነበር። "የኔ ለቅሶ ቀን አንዴ ትጩህልኝ፣ ይበቃኛል።" አንድ ቅዳሜ ነፍጡን በላምባ እየወለወሉ ፊታቸውን ሲያዞሩ ቀፎውን ከፈትኩና ቆቧን ወሰድኩ። ምን ላደርጋት? ምንም! የኛ ቤት እንደጎደለ የሳቸውም ይጉደል አልኩ። በቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሰፋኋት።

ክረምቱ ሳይወጣ አባቴ ሞተ። በኛ ሰፈር ወንድ ሲሞት ካፖርቱ፣ ባርኔጣውና ጠመንጃው ወጥቶ በአልቃሾቹ መሃል ይዞራል። ካፖርትና ባርኔጣ አለን። እናቴ ግን ባዶዎቹን ችንካሮች እያየች "የኔ ጌታ፣ ያለ ብረት ትለቀስ?" እያለች ፊቷን ነጨች። አባቴ እትዬ አስካለን አኩርፎ ከርሟል፤ በምን አፋችን ሄደን እንለምናቸው?

እትዬ አስካለ ሳይለመኑ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ነፍጡን በትከሻቸው ተሸክመው ድንኳኑ መሃል ገቡና "ወንድሜ ባዶ እጁን አይሸኝም!" አሉ። ከጉያቸው ያችን የክብሪት ቀፎ አወጡ። "የኔን ጩኸት ለሱ ሰጥቻለሁ።"

ከፈቱት። ጥጡ ብቻ ነው ያለው።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ፤ የቀሚሴን ጠርዝ በጡጫዬ ጨብጬ። ተናገሪ፣ አሁን ተናገሪ ይለኛል ልቤ፤ እኔ ጨርቁን ይበልጥ አጠበቅሁ። እሳቸው ቀፎውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጡጫዬን አዩ። "አይጥ ወስዷት ይሆናል" አሉና ቀፎውን ወደ ጉያቸው መለሱ። ከዚያ ነፍጡን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው አባቴን አለቀሱለት፤ ሰዉ ሁሉ አብሯቸው አለቀሰ። ብረቱ ግን ድምፅ አልነበረውም። ለገዛ አባቴ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ አላነሱብኝም። "ወርቄ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ" ይሉኛል እንደ ድሮው፤ እኔም ረስተውታል ብዬ ራሴን አሞኘሁ። ቆቧን ልመልስ እያልኩ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ፣ አድጌ ጎሮ ከተማ አስተማሪ ሆንኩ። ማረፋቸውን ሰምቼ ቆቧን በመሀረቤ ጫፍ ቋጥሬ ስበር ጎባ ስደርስ፣ ለካ ሰዉ ከቀብር ተመልሷል።

ልጃቸው ብዙነሽ ጥግ ይዛኝ የክብሪት ቀፎውን በእጄ አስጨበጠችኝ። "እማዬ ለወርቄ ስጫት ብላለች። 'ማስቀመጫ የላትም' ነው ያለችው። እኔ እንኳ አልገባኝም።"

ከፈትኩት። ጥጡ ላይ የቆቧ ቦታ አሁንም ጎድጎድ እንዳለ ነው። መሀረቤን ፈትቼ እዚያው መለስኳት። እስከ ዛሬ እኔው ቤት ናት፤ ሁለት ለቅሶ አምልጧታል።