ለሚዜነት የገዛሁት ዘይት

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሰላም ወልድያ ከተማ አንድ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ይዛኝ ገባች። ፊቷ እንደ እኔ ወዛም ነው፤ ጠዋት ታጥባው ረፋድ ላይ ያብለጨልጫል። ለጓደኛዋ ሠርግ አንደኛ ሚዜ ስለሆነች የፊት ዘይት ፈልጋለች። ሻጯ ቀና ብላ እንኳ ሳታያት አንድ ወፍራም ዘይት አቀበለቻት።

«ለሁሉም ፊት ይሆናል።»

ደሜ ፈላ። ይህችን ቃል አውቃታለሁ።

ያደግሁት መርሳ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አብሮ አደጌ የሺ ልታገባ ሆነ፤ አንደኛ ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። ገና ልጆች ሳለን የተማማልንበት ነገር ነው። ወዙ ይደርቅልኝ ብዬ ፊቴን በልብስ ሳሙና ስፈትገው ጭራሽ ባሰበት። በጥር አቧራ፣ ብርቱካን ብርቱካን በሚሸት ሚኒባስ የፊት ቅባት ልገዛ ወልድያ ሄድኩ። ባለሱቋ አንድ ጠርሙስ ሰጠችኝ።

«ለሁሉም ፊት ይሆናል፤ እኔም እሱን ነው የምቀባው» አለች።

ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበር። ሰው ፊት ፊደል መቁጠር አፍሬ ከፍዬ ወጣሁ። ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ ተቀባሁት። ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጉንጬ በብጉር አብጦ ዓይኔን ሊከድነው ደረሰ።

የሙሽራዋ አክስት አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩኝ።

«ቪዲዮ ይቀረጻል እኮ ልጄ። አንቺ ሽንኩርቱን ብታግዢን ይሻላል።»

ቀሚሴን ለሌላ ልጅ ሰጡብኝ። የሺ በሩ ላይ ቆማ ነበር። መሬት መሬት አየች እንጂ ለእኔ አልተሟገተችም። የሠርጉን ዕለት ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፤ ለማልቀስ ሰበብ አላጣሁም።

ከሠርጉ በኋላ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ዕቃ ሊገዛ የቆመ አስተማሪ ተቀብሎ አነበበልኝ፤ ለደረቅ ጸጉር ይላል።

ባለሱቋ አላፈረችም። «ጸጉርስ ከፊት ምን ያህል ይርቃል?» አለችኝ።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ የሰላምን ዘይት ያቀበለቻትን ሻጭ የጠርሙሱን ጽሑፍ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አደረግኋት። ሰላም በመጨረሻ ጆጆባ ከሚባል ተክል ፍሬ የተጨመቀ ቀለል ያለ ዘይት መረጠች። መጀመሪያ አገጯ ሥር ጥቂት ቀን ልትሞክረው ተስማማን።

ስንወጣ፣ «አክስቴ፣ ለአንድ ዘይት ይህን ያህል ትቆጫለሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ባለሱቋንማ ከረሳኋት ቆየሁ። መልኳ እንኳ አይመጣልኝም። የሺ መሬት መሬት ስታይ ግን እስከ ዛሬ ይታየኛል።

«ፊትሽ ቢያብጥም ጓደኛሽ ከጎኗ ታቆምሻለች?» አልኳት።

ሰላም መሳቋን ተወች። መናኸሪያ እስክንደርስ ክንዴን ይዛ ከጎኔ ሄደች።