የአዛውንቱ ግድግዳ

የምሠራው ከፍራንክፈርት ወጣ ብሎ ባለ የድንጋይ ካባ ነው፤ ፍንዳታው መሬቱን ምን ያህል እንደሚያንቀጠቅጥ አስቀድሜ አሰላለሁ። አንድ ቀን «ቤቴ ሊሰነጠቅ ነው» የሚል አቤቱታ ደረሰን። ሄጄ ሳንኳኳ በሩን የከፈቱልኝ ጡረታ የወጡ ኢትዮጵያዊ አዛውንት ነበሩ።

ለቀጣዩ ፍንዳታ ዐለቱ ላይ በቆፈርናቸው ጉድጓዶች የሚገባውን ፈንጂ ቀንሼ፣ ጉድጓዶቹ ተራ በተራ እንዲፈነዱ አደረግሁና መለኪያዬን ምድር ቤታቸው አስቀመጥኩ። ንዝረቱ ልክ እንደገመትኩት ትንሽ ነበር።

«አባባ፣ ግድግዳዎ ምንም አይሆንም» አልኳቸው።

«ግድግዳውስ ይቅር፣ ልጄ። እኔን የሚያስደነግጠኝ ሳላስበው መምጣቱ ነው።»

ይህን ስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በፊት እደውልላቸዋለሁ። ቀጠሮን እንደ ጀርመኖቹ ጠርቼ «ነገ አራት ሰዓት ላይ ቴርሚን አለን» ስላቸው ይስቃሉ። አቤቱታውንም ራሳቸው ሰረዙት።